ትንሽ ሽጉጥና አስተማማኝነቱ፦ ሁለት መቶ ጥይት ምን ያህል ይመሰክራል?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2022 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) «ብሩን» በሚል አጭር ስም በሚታወቀው መዝገብ አንድ ከባድ ውሳኔ ሰጠ። በውሳኔው መሠረት፣ ሽጉጥ ታጥቆ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ከሌላው ሕዝብ የተለየ ምክንያት እንዲያቀርብ ማስገደድ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሆነ። ሜሪላንድም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመሳሳዩን ቅድመ ሁኔታ አነሣች፤ የ16 ሰዓት ሥልጠናው ግን አልቀረም። በዋሽንግተን አካባቢ ከሚኖሩት አማርኛ ተናጋሪዎች መካከል በሌሊት ታክሲ የሚነዱና ሱቅ የሚጠብቁ ብዙ በመሆናቸው፣ ፈቃዱ ሲገኝ የሚከተለው ጥያቄ ለዚህ መጽሔት አንባቢም ሩቅ አይደለም፦ በልብስ ሥር ለመታጠቅ የሚመረጠው የትኛው ሽጉጥ ነው?

በተማሪ ቪዛ ለሚኖር ሰው ጥያቄው ከመነሻው አይነሣም፤ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልተሟሉለት በስተቀር የፌዴራሉ ሕግ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክለዋል። ለሌላው ግን የተለመደው መልስ ሁለት ቃላት አሉት፤ «ትንሽ» እና «አስተማማኝ»። ለሁለተኛው ቃል መለኪያም ተበጅቶለታል። ገዢው ሊታጠቀው ባሰበው የጥይት ዓይነት ሁለት መቶ ያህል ይተኩስ፤ አንድም ጊዜ ካልነከሰና ካልከሸፈ ሽጉጡን ይመነው የሚል ልማድ በአሜሪካ የሽጉጥ ባለቤቶችና አሠልጣኞች ዘንድ ሰፍኖ ይገኛል። ሁለቱ ቃላት እርስ በርሳቸው የሚሳሳቡ እንደሆኑና የሁለት መቶው ልማድም ገዢው ከሚገምተው በጣም ያነሰ እንደሚመሰክር ከዚህ በታች ይብራራል።

የማያንሰው ነገር

ሽጉጥን ማሳነስ የሚቻለው እስከ አንድ ወሰን ድረስ ነው። አፈሙዙ ያጥራል፣ እጀታው ያጥራል፣ ውፍረቱ ይቀንሳል። ሁለት ነገሮች ግን አያንሱም፤ አንደኛው ጥይቱ፣ ሁለተኛው የሰው እጅ ነው። ጆርጅ ሉገር በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የነደፈው ባለ 9 በ19 ሚሊ ሜትር ጥይት ዛሬም ርዝመቱ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በትልቅም ሆነ በትንሽ ሽጉጥ ውስጥ፣ ከላይ ያለው ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ሲሄድ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ መጣልና የሚቀጥለውን ጥይት ለማጉረስ ከዚያ ርዝመት ያለፈ መንገድ መጓዝ አለበት።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1988 የወጣው ግሎክ 19 አፈሙዙ 102 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ባዶውን 600 ግራም ገደማ፣ ካዝናው ባለ 15 ጥይት ነው። በ2018 የወጣው ሲግ ሳወር ፒ365 አፈሙዙ 79 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 500 ግራም ገደማ ሲሆን በቀጭን እጀታ ውስጥ 10 ጥይት ይይዛል። ሁለቱም የሚተኩሱት አንድ ዓይነት ጥይት ነው። 8 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 350 ሜትር ሲወጣ ሽጉጡ የዚያኑ ያህል ግፊት በተቃራኒ አቅጣጫ ይቀበላል። ግፊቱ እኩል ሆኖ ክብደቱ ሲቀንስ የርግጫው ጉልበት በተገላቢጦሽ ይጨምራል፤ ከ600 ወደ 500 ግራም መውረድ ርግጫውን በ20 በመቶ ያሳድገዋል። ቀላል የሆነው ተንሸራታች በፍጥነት ይሄዳል። ያንን ለመግታት የሚመልሰው ሞላ ይጠነክራል። የጠነከረው ሞላ ተንሸራታቹን በፍጥነት ሲመልሰው ደግሞ በካዝናው ውስጥ ያለው ሞላ የሚቀጥለውን ጥይት ከፍ አድርጎ ለማቅረብ የሚያገኘው ጊዜ ያጥራል። ጥይቱ ዘግይቶ ከደረሰ ተንሸራታቹ አልፎት ይዘጋል፣ አለዚያም ጥይቱ አጋድሎ ይነክሳል። ትንንሾቹ ሽጉጦች ሞላቸው በጥቂት ሺህ ተኩስ እንዲቀየር የሚመከረውም በዚሁ ጫና ምክንያት ነው።

እጅም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል። ተንሸራታቹ ወደ ኋላ የሚሄደው ታችኛው አካል በእጅ ተይዞ በቦታው ሲቆይ ነው። እጁ ላላ ካለ ሁለቱ አብረው ወደ ኋላ ስለሚሄዱ ተንሸራታቹ ሙሉ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል። ከባድ ሽጉጥ በራሱ ክብደት ይህን ስሕተት ይሸፍናል፤ ቀላሉ አይሸፍንም። እጀታው አጥሮ ትንሿ ጣት መያዣ ስታጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ «ይህ ሽጉጥ አስተማማኝ ነው» የሚለው አነጋገር ጎዶሎ ነው ማለት ይቻላል። አስተማማኝነት የሽጉጡ፣ የካዝናው፣ የጥይቱና የእጁ የጋራ ጠባይ ነው፤ ሽጉጡ ባነሰ ቁጥር የሌሎቹ ሦስቱ ድርሻ ይጨምራል።

ይህን ለመሸሽ ብዙዎች ወደ ሪቮልቨር ይዞራሉ። እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ያለው ባለ አምስት ጥይት ሪቮልቨር አፈሙዙ 48 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 410 ግራም ገደማ ነው። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን እንደገና መሳብ ሌላውን ያቀርባል፤ እጅ ቢላላም ግድ አይሰጠውም። ነገር ግን ምላጩ ከባድ፣ ርግጫው ብርቱ፣ ማነጣጠሪያው አጭር በመሆኑ ዒላማ መምታት አስቸጋሪ ነው። በጣም ቀላል በሆኑት ዓይነቶች ደግሞ ርግጫው ገና ያልተተኮሱትን አረሮች ከቀለሃቸው ወደ ፊት እየሳበ ተሽከርካሪውን ሊያስረው ይችላል። ያኔ እንደ ሌላው ሽጉጥ ተንሸራታቹን ስቦ ማላቀቅ አይቻልም። በአጭሩ፣ ችግሩ ከአሠራሩ ወደ ተኳሹ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

የሁለት መቶው ስሌት

አሁን ወደ ልማዱ እንመለስ። አንድ ሽጉጥ ሁለት መቶ ጊዜ ተተኩሶ አንድም እክል ባያሳይ፣ ስለ እውነተኛው የእክል መጠን ምን ማለት ይቻላል? ዜሮ ነው ማለት እንደማይቻል ግልጽ ነው። በስታቲስቲክስ የታወቀው «የሦስት ሕግ» እንደሚያስረዳው፣ በተከታታይ ሙከራ አንድም እክል ካልታየ፣ በ95 በመቶ መተማመን የእክሉ መጠን ከፍተኛ ወሰን ሦስት ለሙከራው ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ነው። በመሆኑም ሁለት መቶ ንጹሕ ተኩስ የሚፈቅደው ድምዳሜ «የእክሉ መጠን ከ1.5 በመቶ አይበልጥም» የሚል ብቻ ነው። ይህ መጠን ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በ1.5 በመቶ የሚከሽፍ ሽጉጥ አሥር ጥይት ያለው ካዝና ሲተኮስ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመንከስ ዕድሉ 14 በመቶ ነው፤ ከሰባት አንድ መሆኑ ነው። ለአምስት መቶ ንጹሕ ተኩስ ወሰኑ ወደ 0.6 በመቶ፣ የካዝናው እክል ዕድል ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ለአንድ ሺህ ወሰኑ 0.3፣ የካዝናው ዕድል 3 በመቶ ይሆናል። «ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ይተኩሳል» ለማለት እንኳ 299 ንጹሕ ተኩስ ያስፈልጋል። ወሰን ግምት አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ ሽጉጡ ከዚያ እጅግ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሙከራው ግን ያንን አያረጋግጥም።

መንግሥታዊ ፈተና ይህን ክፍተት ይሞላል? የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2001 ጀምሮ በግዛቲቱ የሚሸጥ የሽጉጥ ሞዴል እንዲፈተን ያዝዛል። ሦስት ናሙናዎች እያንዳንዳቸው 600 ጊዜ ይተኮሳሉ። የመጀመሪያዎቹ 20 ያለ እክል ማለፍ አለባቸው፤ በጠቅላላው ደግሞ ከስድስት እክል መብለጥ የለበትም። ሦስቱም ናሙናዎች ይህን ማሟላት ይጠበቅባቸዋል። እክሎቹ እርስ በርስ የማይያያዙ ናቸው ብለን ብናሰላው፣ እውነተኛ የእክል መጠኑ 1 በመቶ የሆነ ሞዴል ይህን ፈተና የማለፍ ዕድሉ 14 በመቶ ገደማ ነው። መጠኑ 0.5 በመቶ ለሆነው ግን ዕድሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ ይላል። ፈተናው መጥፎውን ይጥላል፤ መካከለኛውን ከምርጡ አይለይም።

ይሁን እንጂ ገዢው የሚነሣው ከዜሮ አይደለም፤ የሞዴሉ ታሪክ አለለት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በገበያ የቆየና ብዙ የፖሊስ ተቋማት የተጠቀሙበት ንድፍ ማንም ግለሰብ በራሱ ወጪ ሊደርስበት የማይችል የሙከራ ክምችት አለው። የገዢው ሁለት መቶ ጥይት በዚህ ክምችት ላይ የሚጨምረው በእጁ የገባችው አንዷ ሽጉጥ ከወንድሞቿ የተለየች አለመሆኗን ብቻ ነው፤ ለዚህ ዓላማ ቁጥሩ ያን ያህል አያንስም። አዲስ የወጣ ሞዴል የሚገዛ ሰው ግን ይህ ድጋፍ የለውም፤ ራሱ ፈታኝ ሆኗል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ አዲሱንና ትንሹን የሚመርጥ ገዢ ቢያንስ አንድ ዓመት መጠበቁ ከማንኛውም የተኩስ ሙከራ ይሻለዋል።

ስሌቱ የተመሠረተበት ግምት ራሱ ሊጠየቅ ይገባዋል። እክሎች በዘፈቀደ አይበተኑም። ከንፈሩ የተጣመመ ካዝና ደጋግሞ ያነክሳል፤ አዘውትሮም በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ጥይት ላይ። አፉ ክፍት የሆነው የመከላከያ አረር በአንዱ ሽጉጥ ላይ እያንሸራተተ ይጎርሳል፣ በሌላው ላይ ጠርዙ ይሰናከላል። በልብስ ሥር ወራት የቆየ ሽጉጥ የጨርቅ ብናኝና ላብ ያጠራቅማል። በሞቃት ቀን፣ በጸዳ ሽጉጥ፣ በአንድ ካዝና፣ በሁለት እጅ አጥብቆ የተተኮሰ ሁለት መቶ ጥይት እንግዲህ ሁለት መቶ ነጻ ምስክር ሊባል አይችልም፤ አንድ ምስክር ሁለት መቶ ጊዜ ሲናገር እንደ መስማት ነው።

ስለዚህ ጥይቱ የሚተኮስበት አኳኋን ከቁጥሩ ይበልጣል። ሦስት ካዝናዎች ቁጥር ተጽፎባቸው በእያንዳንዳቸው መቶ መቶ ጥይት ቢተኮስ፣ እክል ሲፈጠር ከካዝናው ይሁን ከሽጉጡ ወዲያው ይለያል። ከመቶው ሢሶው በአንድ እጅ፣ ከዚያም ከፊሉ በግራ እጅ ቢሆን ደክሞ ወይም ተጎድቶ የሚይዝ እጅ የሚያመጣው እክል ይታያል። ከሦስቱ ዙር አንዱ ሽጉጡ ሁለት ሳምንት ታጥቆ ከቆየ በኋላ ሳይጸዳ መደረግ ይኖርበታል። የመከላከያው ጥይት ከልምምዱ ጥይት ዋጋው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ሦስት መቶውን በሙሉ በእርሱ መተኮስ ለብዙ ሰው ይከብዳል። ከእያንዳንዱ ካዝና የመጀመሪያዎቹን ሦስትና የመጨረሻዎቹን ሁለት በመከላከያው፣ መካከሉን በልምምዱ መሙላት ወጪውን ይቀንሳል፤ አደጋው የሚበዛባቸውን ቦታዎችም አይለቅም።

ሌላው ዓይነት እክል

እስካሁን የተነገረው ሲፈለግ ስለማይተኩስ ሽጉጥ ነው። ሳይፈለግ የሚተኩሰው ደግሞ አለ፤ በዕለት ተዕለት ሕይወት የሚያስፈራውም ይኸኛው ነው። ታጣቂው ምላጩን ለመከላከያ የሚስብበት ቀን ምናልባት በዕድሜው አይመጣም፤ ሽጉጡን የሚያነሣበትና የሚያስቀምጥበት ጊዜ ግን በየቀኑ ነው። የሦስት ሕግ እዚህ አያገለግልም፤ ማንም ሰው ሽጉጡን ሦስት ሺህ ጊዜ ጥሎ አይፈትንምና።

የካሊፎርኒያው ፈተና ሽጉጡን ከአንድ ሜትር ከፍታ በስድስት አቅጣጫ ሲሚንቶ ላይ ይጥላል። ፈተና የሚያየው የተመረጠለትን አቅጣጫ ብቻ ነው። የሲግ ሳወር ፒ320 በአሜሪካ የታወቁትን የደኅንነት መስፈርቶች ያሟላ መሆኑ በአምራቹ ቢገለጽም፣ በ2017 ግለሰቦች በተለየ ማዕዘን ሲጥሉት መተኮሱን አሳዩ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ለባለቤቶች በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የማሻሻያ ፕሮግራም አወጀ። ለገዢው የሚቀረው መከላከያ አፎቱ ነው። ምላጩን በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ የማይከደን ጠንካራ አፎት ከሽጉጡ ጋር አብሮ መመረጥ አለበት። ሽጉጥን ያለ አፎት በኪስ ወይም በቦርሳ ከቁልፍና ከእስክሪብቶ ጋር መያዝ ግን በአጋጣሚ ምላጩ እንዲሳብ መንገድ ይከፍታል።

ቤት ውስጥም ሽጉጡ አለ። በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመና በካሊፎርኒያ ነዋሪዎች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናት፣ የሽጉጥ ባለቤት የሆኑ ወንዶች በጦር መሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋት መጠናቸው ከሌላቸው ወንዶች ወደ ስምንት እጥፍ እንደሚደርስ አሳይቷል፤ በሴቶች ልዩነቱ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ነው። ትንሽ ሽጉጥ በትንሽ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሌሊት ሲወልቅ የሚገባበት፣ በጣት ቁጥር የሚከፈት ሣጥን ዋጋ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር በአንድ ላይ መታሰብ ይኖርበታል።

ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ወሰን አለ። ቨርጂኒያ በሌሎች ግዛቶች የተሰጠ ፈቃድ ትቀበላለች፤ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ግን የሌላውን አይቀበሉም። በሜሪላንድ ከ10 በላይ ጥይት የሚይዝ ካዝና መሸጥ ከ2013 ጀምሮ ስለተከለከለ፣ የግሎክ 19 ባለ 15 ካዝና በዚያ አይሸጥም፤ ትንሹ ሽጉጥ በጥይት ብዛት ይዞት የነበረው ጉድለትም በዚሁ ይጠብባል። ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በዲሲ በኩል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሄድ አሽከርካሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሕግ ያቋርጣል። ሽጉጡ ምን ያህል ቢያንስ በመኪናው ውስጥ መኖሩ በሕግ ፊት አያንስም።