ስለ ሐረና ደን እስስቶች

እስስት ከእንሽላሊት ወገን ነው። ከሌሎቹ የሚለዩትም ለየብቻ የሚዞሩት ዓይኖቹና በሁለትና በሦስት ተከፍለው ቅርንጫፍ የሚጨብጡት ጣቶቹ ናቸው።

በባሌ ተራሮች ደቡብ በሚገኘው በሐረና ደን ከሚኖሩት እስስቶች መካከል ሁለቱ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። የአንደኛው ዓይነት ወንድ በአፍንጫው ላይ ሁለት ቀንድ አለው፤ ሁለተኛው ቀንድ የለውም። ቀንድ የሌለው በ1995፥ ባለቀንዱም በ1998 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ታወቁ፤ ሁለቱም ትራዮሴሮስ ከሚባለው ነገድ ይመደባሉ።

የእስስት ቀለም በሙቀትና በቍጣ ስለሚለዋወጥ ዓይነቱን በቀለም ብቻ መለየት ያሳስታል።

እስስት መርዝ የለውም፤ ምግቡም ነፍሳት ነው። ስለዚህ ገበሬው ባገኘው ጊዜ ሊገድለው አይገባም፤ ደኑንም ቢጠብቅለት ለአገር ብቻ የተሰጠውን ፍጥረት ጠበቀ ማለት ነው።