ለክንፍ ተጫዋቹ ማን ይመስክርለት?

ሕግ ትምህርት ቤት ሳለን መምህሮቻችን ደጋግመው ይነግሩን የነበረ አንድ ነገር አለ። የተደረገን ነገር ማስረዳት ይቻላል፤ ያልተደረገን ነገር ማስረዳት ግን ፈተና ነው። ሌባ ገብቶ በሬ ነድቶ ከሄደ ዱካም ምስክርም ይፈለጋል። ጎረቤት ነቅቶ በማደሩ ሳይሰረቅ ያደረው በሬ ግን በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ይህን የድሮ ትምህርት ሰሞኑን ያስታወሰኝ ችሎት ሳይሆን እግር ኳስ ነው።

ለቤተሰብ ጉዳይ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነበር። የእህቴ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በአካባቢው የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ በቀኝ ክንፍ ይጫወት ነበር። «ነበር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በደረስኩበት ሰሞን አሠልጣኙ ወደ ኋላ ስቦ የቀኝ ተመላላሽ አድርጎታል፤ ልጁም አኩርፎ ልምምድ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ለክንፍ አትሆንም ማለቱ እኮ ነው። ትቼዋለሁ» አለኝ።

ሜዳ ዳር የሚቆመው ተመልካችም አላገዘውም። «ሩጫ እንጂ ኳስ የለውም» ተብሎ ተፈርዶበታል። በዓመቱ ስንት ጎል አገባ? ሁለት። ስንት አመቻቸ? የቆጠረ የለም። ዶሴው በዚሁ ተዘጋ።

ታላቅ ወንድሙ ይግባኝ አለለት። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ። «ስለ ፓርክ ጂ ሱንግ የነገርንህን ረሳኸው?» አለው። ታናሹ ፓርክ ዩናይትድን ለቆ ሲሄድ ገና ሕፃን ነበር፤ እንዴት ሊያውቀው ቻለ ብዬ ጠየቅሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት፣ አምሽቶ ዲኤስቲቪ ቤት መቀመጥ በሚያሰጋበት ጊዜ፣ የሠፈሩ ወጣት አዲስ ጨዋታ ሲያጣ አሮጌውን እያነሳ ይከራከር ነበር። ለታናናሾቹ የፓርክ ታሪክ የደረሳቸው በስክሪን ሳይሆን በአፍ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ እኔም ቃሌን እንድሰጥ ተጠየቅሁ። ቃሌ ሊታመን የሚገባው የአርሰናል ደጋፊ ስለሆንኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ፣ በገዛ ሜዳችን በኤምሬትስ፣ ገና በ8ኛው ደቂቃ የእኛ ተከላካይ ተንሸራቶ ሲወድቅ ኳሷን ከመረብ ያገናኘው ፓርክ ነው። ያን ምሽት 3 ለ 1 ተሸነፍን። ምስክር ራሱን የሚጎዳ ቃል ሲሰጥ ዳኛ ጆሮውን ያቀናል፤ እንግዲህ ስሙኝ።

መጋቢት 1 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ማታ፣ ቡሬ ነበርኩ። ቡሬን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውና ከነቀምቴ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው መንገድ የሚገናኙባት፣ በበርበሬዋ ስሟ የሚነሳ ከተማ ናት። መሽቶብኝ እዚያ አደርኩና ከአልጋ ቤቱ አጠገብ ያለ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። ዩናይትድ በኦልድትራፎርድ ኤሲ ሚላንን የሚያስተናግድበት የመልስ ጨዋታ ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ግማሹ ሰው ቆሟል።

ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ከኋላዬ አንዱ «ኧረ ፓርክ የት ሄደ? ኳስ እኮ አልነካም!» እያለ ማጉረምረም ጀመረ። ሌሎችም ተቀበሉት። ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ዞር ብሎ «ፒርሎስ የት ሄደ?» ሲል ጠየቀ። ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። እውነትም ፒርሎ የለም።

የዚያን ጊዜው ሚላን ኳስ መሥርቶ የሚወጣው በአንድሪያ ፒርሎ በኩል ነበር። ከተከላካዮች ፊት ቆሞ ኳሷን ይቀበላል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ለፈለገው ያደርሳል። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በሁለቱም ዙር ፓርክን ከክንፍ ወደ መሐል አምጥተው አንድ ሥራ ሰጡት፤ ፒርሎ ቀና ብሎ እንዳያይ ማድረግ። ውጤቱ በድምሩ 7 ለ 2 ሆነ። በቡሬው ምሽት ከተቆጠሩት 4 ጎሎች አንዷ የራሱ የፓርክ ነበረች። ፒርሎ ራሱም ከዓመታት በኋላ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ፓርክ እንደ ጥላ መከተሉን አንስቶታል።

እንግዲህ የዚያ ሰው የማጉረምረም ምንጩ ምን ነበር? ክፋት አይደለም። የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሷን ነው የሚከተለው። ዲኤስቲቪ ቤት የተቀመጠ ሰው የሚያየው ኳሷ ያለችበትን ሩብ ሜዳ ያህል ነው። ተከላካይ ይዞ የሚሮጠውን፣ ለጓደኛው ቦታ የሚከፍተውን፣ ሃምሳ ሜትር ወደ ኋላ ተመልሶ ቀዳዳ የሚደፍነውን ሰው ካሜራው ቆርጦ ይጥለዋል። የክንፍ ተጫዋች ደግሞ ከሁሉም በላይ ይህ ዕጣ ይደርሰዋል፤ ኳሷ በግራ በኩል ስትሆን የቀኙ ክንፍ ከስክሪኑ ውጭ ነው። በጥቂት ደቂቃ ባየነው ነገር የዘጠና ደቂቃ ፍርድ እንሰጣለን።

«ክንፍ» የምንለው ሥራም አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው የድሮው ዓይነት ነው፤ መስመሩን ታክኮ ይሄድና ወደ መሐል ያሻግራል። ሁለተኛው በተቃራኒ እግሩ የሚሰለፍ ነው፤ ግራ እግር ሆኖ ቀኝ ይቆምና ወደ ውስጥ እየገባ ይመታል። ሦስተኛው የፓርክ ዓይነት ነው፤ የተጋጣሚን ተመላላሽ ወደ ፊት እንዳይወጣ ያደርጋል፣ የራሱን ተመላላሽ ይሸፍናል፣ ኳስ በተነጠቀች ቅጽበት ደግሞ ቀድሞ ይሮጣል። ሦስቱንም በጎል ብዛት ብቻ መመዘን ዳኛን፣ ዐቃቤ ሕግንና ጠበቃን «ስንት ሰው አሳሰርክ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ የታታሪ ክንፍ ተጫዋች ወቅታዊ አቋም ሲመዘን አራት ጥያቄ ብናነሳ ጥሩ ይመስለኛል። አንደኛ፣ አሠልጣኙ ምን ሥራ ሰጠው? ያልተሰጠውን ሥራ አልሠራም ተብሎ የሚቀጣ ሠራተኛ የለም። ሁለተኛ፣ ከፊቱ የነበረው ተጋጣሚ ያን ቀን ምን ሠራ? ምንም ካልሠራ ያ በራሱ ማስረጃ ነው፤ እኛ የአካባቢ ማስረጃ የምንለው ዓይነት። ሦስተኛ፣ ከኋላው ያለው የራሱ ተመላላሽ ተመችቶት ዋለ ወይስ ሲቃጠል ዋለ? አራተኛ፣ እሱ ሳይሰለፍ ቡድኑ ምን ይመስላል? በእነዚህ አራት ጥያቄዎች የወደቀ ተጫዋች በእርግጥ አቋሙ ወርዷል፤ ጎል ባለማግባቱ ብቻ የተወቀሰ ግን ገና ክሱ አልተሰማም።

ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2005 ከፒኤስቪ አይንድሆቨን መጥቶ እስከ 2012 ድረስ ለዩናይትድ ከ200 በላይ ጨዋታ ሲያደርግ ያገባው ጎል 30 አይሞላም። በሆላንድ የመጀመሪያ ጊዜው የገዛ ሜዳው ደጋፊ ይጮህበት ነበር። በዚያው ቁጥርና በዚያው ጩኸት ውስጥ ግን አራት የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ አለ፤ በ2009 እና በ2011 ደግሞ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በቋሚነት ተሰልፏል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ። ትክክለኛ ቦታው የት ነው?

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብዬ ጃቢ ጠሕናን ውስጥ ዘመድ ስጠይቅ፣ በሬ ጠምደው የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቆም ብዬ ይህንኑ አጫወትኳቸው። ኳስ አያውቁም፤ በሬ ግን ያውቃሉ። «ቀኝ የለመደ በሬ ግራ ስትጠምደው ቀንበሩ ይከብደዋል» አሉኝ። «ግን አንዱ በሬ ታሞብህ ወቅቱ ሊያልፍብህ ሲል ምን ታደርጋለህ? ትጠምደዋለህ። ትልሙ ሲጣመምብህ ግን በሬውን አትምታው፤ የጠመድከው አንተ ነህ።»

ከዚህ የተሻለ የእግር ኳስ ትንታኔ በቅርብ ጊዜ አልሰማሁም። ቦታ የተጫዋቹ ችሎታ ብቻ ሳይሆን የቡድኑ ፍላጎት ጭምር ነው። ዲርክ ካይት በፌይኖርድ ሳለ በ2004/05 የውድድር ዘመን በ29 ጎል የሆላንድ ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ የነበረ አጥቂ ነው። ሊቨርፑል ሲመጣ ራፋኤል ቤኒቴዝ ቀኝ ክንፍ አደረጉት፤ በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ደግሞ በ33 ዓመቱ ለሀገሩ የመስመር ተመላላሽ ሆኖ ተሰለፈ። አንቶኒዮ ቫሌንሲያ ለዩናይትድ በክንፍነት ተገዝቶ በቀኝ ተመላላሽነት አምበል እስከ መሆን ደረሰ። የእኛው ቡካዮ ሳካ በተቃራኒው በ2019/20 ተመላላሽ ሲጠፋ በግራ በኩል ከኋላ ተሰልፎ ነው ራሱን ያስመሰከረው፤ ስሙ የተተከለው ግን ኋላ በቀኝ ክንፍ ነው።

ከሀገራችንም አዳነ ግርማ አለ። አጥቂ ነው ወይስ አማካይ የሚለው ክርክር በቅዱስ ጊዮርጊስም በብሔራዊ ቡድኑም ሲከተለው ኖሯል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት መድረክ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ አንድ ተጫዋች በቀይ ካርድ በወጣብን ጨዋታ በሻምፒዮኗ ዛምቢያ ላይ የአቻነቷን ጎል ሲያገባ ግን «ቦታው የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ይሁንና ጠበቃ ሆኜ የአንድ ወገን ክርክር ብቻ ባቀርብ ፍትሐዊ አልሆንም። ሩጫ ብቻውን ብቃት አይደለም። ያለ ቦታው የሚሮጥ ሰው ቡድኑን ያደክማል እንጂ አያግዝም፤ ፓርክ ይለይ የነበረው ብዙ በመሮጡ ሳይሆን መቼ መሮጥ እንዳለበት በማወቁ ነው። ደግሞም ሁሉም ቦታ የሚሆን ሰው ዋጋ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዩናይትድ ባርሴሎናን በግማሽ ፍጻሜ ሲያሰናብት ፓርክ በሁለቱም ጨዋታ ተሰልፏል። የሞስኮው ፍጻሜ ሲደርስ ግን በተጠባባቂ ወንበር ላይ እንኳን ቦታ አላገኘም፤ ጓደኞቹ ቼልሲን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው ዋንጫ ሲያነሱ እሱ ሙሉ ልብስ ለብሶ ተመልካች ነበር። ለሁሉም ቦታ የሚሆን ሰው የየትኛውም ቦታ ባለቤት ሳይሆን ሊቀር ይችላል። መሥሪያ ቤት ውስጥ የምንኖር ሰዎች ይህን ለማወቅ ኳስ ማየት አያስፈልገንም። «እሱ እንኳን ችግር የለበትም፣ የትም ይሠራል» የሚባለው ሰው እድገት ሲታደል ስሙ ይረሳል።

ለዚህ ነው የእህቴን ልጅ «ዝም ብለህ ታዘዝ» ያላልኩት። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ቦታው ሲቀየር ምክንያቱ ሊነገረው ይገባል። ሰው የተፈረደበትን ፍርድ ምክንያት የማወቅ መብት አለው። «ሂድና ጠይቀው» አልኩት፤ «ለምን ቀየርከኝ ብለህ ሳይሆን፣ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንድሠራ ነው የምትፈልገው ብለህ።»

ጠየቀ። መልሱ አጭር ነበር። የሚቀጥለው ተጋጣሚ ቡድን ፈጣን የግራ ክንፍ አለው፤ ከቡድኑ ውስጥ ያን ልጅ በሩጫ የሚደርስበት አንድ ሰው ብቻ ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ደስ አለው ማለት አልችልም። አሁንም ክንፍ መሆን ይፈልጋል። ግን ጫማውን አነሳ።

ቅዳሜ ከሰዓት እኔም ሜዳ ሄድኩ። እዚያ ካሜራ የለም፤ ሜዳው እንዳለ ፊትህ ነው። ኳሷን ትቼ ዘጠናውን ደቂቃ ልጁን ብቻ አየሁት። ያ ፈጣን የተባለው የግራ ክንፍ ሁለት ጊዜ አሻማ፤ ሌላውን ጊዜ ወደ ኋላ ሲመልስ ዋለ። ጨዋታው ያለ ጎል አለቀ። አጠገቤ የቆመ አንድ ተመልካች አቧራውን ከሱሪው እያራገፈ «ምንም ያልታየበት ጨዋታ!» ብሎ ሄደ።

ልጁ ላቡን እየጠረገ መጣና ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። የእኔ ምስክርነት አጭር ነበር፤ «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያሻማው፤ ቆጥሬአለሁ» አልኩት።

ቸር እንሰንብት።