ከዘመቻው በፊት የሚወጣ ገንዘብ

እርዳታ ሰጪዎች ከሚያወጡት ገንዘብ ውስጥ መድኃኒት የማይገዛ፣ ጤና ኬላ የማይሠራ፣ ሞተር ሳይክል የማያቀርብ አንድ ዓይነት አለ። የሚሰጠው ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲታሰብበት ነው። በግብረ ሰናይ ድርጅቶች ሰፈር «ፕላኒንግ ግራንት» ይሉታል፤ የዕቅድ ድጋፍ ብንለው ያስኬዳል። መጠኑ ከዋናው ፕሮጀክት ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ዕድሜውም ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ነው። ጊዜው ሲያልቅ ተቀባዩ የሚያስረክበው ወረቀት ነው፦ ማንን እናሳምን፣ ምን ብለን፣ በማን አንደበት፣ በስንት ብር፣ ድጋፉ ሲያበቃስ ማን ይከፍላል የሚሉትን የሚመልስ ወረቀት።

ወረቀት በመሆኑ የሚንቁት ብዙ ናቸው። ንቀቱም ያለምክንያት አልመጣም። አዳማና ቢሾፍቱ ሆቴሎች ውስጥ ስንት ዕቅድ እንደታቀደ፣ ስንት አበል እንደተፈረመ፣ ሰነዱም የት መደርደሪያ ላይ አቧራ እንደለበሰ የሚያውቅ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ይሁንና አንዳንድ ሥራ አለ፤ ሳይታሰብበት ከተጀመረ ገንዘቡም ጉልበቱም ለተሳሳተ ጆሮ ይፈስሳል። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን የማስተዋወቅ ዘመቻ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ የሚባለው ሐኪም ወይም ነርስ ሳይሆን ከሚያገለግለው ሕዝብ መካከል ወጥቶ፣ አጭር ሥልጠና ወስዶ፣ ቤት ለቤት እየዞረ የሚሠራ ሰው ነው፤ በአብዛኛው ደግሞ ሴት ናት። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ «ባለ ባዶ እግር ሐኪሞች» የምትላቸውን አሰማራች። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተደረገው ጉባኤ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ከመሠረታዊ የጤና አገልግሎት ጋር አያይዞ ለዓለም አስተዋወቀ። ፓኪስታን በ1994፣ ሕንድ በ2005 የየራሳቸውን ፕሮግራም ጀመሩ። እኛም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን አሉን።

ታዲያ እነዚህን ሰዎች ለማን ነው የምናስተዋውቃቸው? ነፍሰ ጡሯ ታውቃቸዋለች፤ በስማቸው ነው የምትጠራቸው። ልጇ ሲያተኩሰው መጀመሪያ የምትሄደው ወደ እነሱ ነው። ስለዚህ ፊታቸውን በትልቅ ሰሌዳ አሳትሞ መንገድ ዳር መስቀል፣ በሬዲዮ «ጀግኖቻችን» ማለት ለሚያውቃቸው ሰው ማስተዋወቅ ነው። የማያውቃቸው ሌላ ነው። የላኩትን በሽተኛ የሪፈር ወረቀት ሳያነብ የሚያስቀምጥ የጤና ጣቢያ ባለሙያ አለ። ሥራዬን ይሻሙኛል ብሎ የሚፈራ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በጀት ሲደለደል «እነዚህ ምን ያህል ያድኑልኛል?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልስ የሚሰጠው ግን ያጣ የፋይናንስ ሰው አለ። የዕቅድ ድጋፍ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ዘመቻው ጆሮውን ሳይመርጥ እንዳይጮህ ያደርጋል።

በደንብ ታስቦበት ከተሠራው ሥራ አንዱን ለማየት ወደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ ልሂድ። እኛም ዘመድ ያለን አገር ነው። ሚኒሶታ ላለፉት አሥርት ዓመታት የህሞንግን፣ የሶማሌን፣ የኢትዮጵያን ስደተኞች በብዛት ስትቀበል ክሊኒኮቿ ቋንቋ የሚያውቁ፣ ባህል የሚገባቸው፣ ስኳርና ደም ብዛት ያለበትን ሰው እቤቱ ድረስ ሄደው የሚያስረዱ ሰዎች ይቀጥሩ ነበር። ችግሩ ቅጥሩ በድጋፍ ገንዘብ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ድጋፉ ሲያልቅ ሰዎቹም ይሰናበታሉ፤ በሽተኛው የለመደው ሰው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኮሌጅ ሰዎች፣ ክሊኒኮች፣ ፋውንዴሽኖችና ሠራተኞቹ ራሳቸው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ከእርዳታ ሰጪዎቹ መካከል የሚኒሶታው ብሉ ክሮስ ፋውንዴሽን ነበረበት። ሥራው ምንድን ነው? ወሰኑ የት ድረስ ነው? ማን ያሠለጥናል? ማን ይከፍላል? ብለው ተጠያየቁ። ከዚህ ለመንግሥት ኮሌጆች የሚሆን አንድ ወጥ የሥልጠና ሥርዓት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የግዛቲቱ ምክር ቤት የምስክር ወረቀት ያላቸው የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በባለሙያ ክትትል ሥር ለሚሰጡት የጤና ትምህርት ሜዲኬይድ፣ ማለትም ለአነስተኛ ገቢ ባለቤቶች የቆመው የመንግሥት መድን፣ እንዲከፍል ሕግ አወጣ።

ይህን ልብ በሉት። ዕቅዱ የደረሰበት ቦታ የሂሳብ ደረሰኝ ነው። ክሊኒኩ የሠራተኛዋን ሰዓት ቆጥሮ ለመድን ማስከፈል ቻለ። ፍጹም አልነበረም፤ ክፍያው ትምህርትን እንጂ ሌላውን ልፋት፣ ቤት ማፈላለጉን፣ ትራንስፖርት ማመቻቸቱን አይሸፍንም ነበር። ቢሆንም መሠረቱ ተጣለ። የፌደራሉ መንግሥት ለአረጋውያን የሚከፍለው ሜዲኬር የተባለው መድን ተመሳሳይ አገልግሎትን መክፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ነው። በመካከሉ፣ በ2022፣ ዋሽንግተን ከ13 ሺህ በላይ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን ለማሠልጠን 225 ሚሊዮን ዶላር ሰጥታ ነበር። ሥልጠናው ከደመወዙ ዝግጅት ቀድሞ መጣ ማለት ነው፤ የተለመደ ቅደም ተከተል ነው፣ ግን ጥሩ ቅደም ተከተል አይደለም።

ሌላው ምሳሌ በስፋቱ ትልቅ፣ በውጤቱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ኧርዝ ኢንስቲትዩት ያሰባሰበው የባለሙያዎች ቡድን ከሰሃራ በታች ላለው የአፍሪካ ገጠር አንድ ሚሊዮን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ያስፈልጋሉ አለ፤ ለ650 ሰው አንድ ማለት ነው። ሂሳቡም ተሠራ። በዓመት 2.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል፣ አገልግሎቱን ለሚያገኝ ለአንድ ሰው ደግሞ ከሰባት ዶላር ያነሰ። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ዘመቻው ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ላይ ይፋ ሆነ። የኢንስቲትዩቱ የያኔ ዳይሬክተር ጄፍሪ ሳክስ፣ የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜና የመድኃኒት ኩባንያው ኖቫርቲስ ሥራ አስኪያጅ አብረው ቆሙበት። ግቡ 2015 ነበር። 2015 አለፈ፤ ሚሊዮኑ አልሞላም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የልማት ፋይናንስ ጉባኤ በማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ላይ የሚውል አንድ ዶላር እስከ አሥር ዶላር ሊመልስ ይችላል የሚል ሪፖርት ቀረበ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ ኅብረት ቁጥሩን ወደ ሁለት ሚሊዮን ከፍ አደረገው።

ዕቅዱ መጥፎ ነበር ልል አይደለም። እንዲያውም ሂሳቡ ከብዙዎች የተሻለ ነበር። ነገር ግን ቁጥር ሲታወጅ የእያንዳንዱ አገር ገንዘብ ሚኒስቴር ምን ያህሉን በየትኛው ዓመት በራሱ በጀት እንደሚይዝ አብሮ ካልተፈረመ፣ ያ ቁጥር ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቀራል።

የኢትዮጵያ መንገድ ተገላቢጦሽ ነበር። መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን በ1995 ዓ.ም. ሲጀምር የተነሣው ከደመወዝ መዝገብ ነው። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመለመሉ፣ በሙያ ማሠልጠኛ አንድ ዓመት ተማሩ፣ አምስት ሺህ ያህል ሕዝብ ላለው ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ከመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ እስከ ክትባት፣ ከቤተሰብ ምጣኔ እስከ ወባ አሥራ ስድስት ፓኬጅ ይዘው ወጡ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። ግሎባል ፈንድና ጋቪን የመሳሰሉ ድርጅቶች ለሥልጠናውና ለቁሳቁሱ ገንዘብ አመጡ፤ ባለሙያዎቹ ግን የወረዳ ሠራተኞች ሆነው በወሩ መጨረሻ ፈርመው የሚቀበሉ ሆኑ። በ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ አንድ ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዶ ነበር። ድሉ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ያለ እነሱ ግን አይታሰብም።

ማስተዋወቁም በራሱ መንገድ ተሠራ። ባለሙያዋ አንድን ቤተሰብ 96 ሰዓት አሠልጥና ፓኬጁን ሲተገብር «ሞዴል ቤተሰብ» ብላ ታስመርቀው ነበር። ጎረቤት የጎረቤቱን መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ማጀት አይቶ ተከተለ። ለእኔ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ብልኅ ዘመቻ ይህ ነው፤ ያስተዋወቃት ሥራዋ ነውና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ያከራክራል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የሴቶች ልማት ሠራዊት ተቋቋመ። አንዷ ሴት አምስት ጎረቤቶቿን እንድትመራ፣ ለባለሙያዋም እጅና ዓይን እንድትሆን ተደረገ፤ ያለ ክፍያ። ምስጋናው በየስብሰባው ይፈስስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በአማራ ክልል ገጠር የተደረገ ጥናት ግን እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የባሰ ችግርና ጭንቀት እንዳለባቸው አሳየ። ሕንድም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑትን «አሻ» የሚባሉ የሕንድ ሠራተኞች ሸለማቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በኬረላ ያሉት አሻዎች ክፍያችን ይስተካከል ብለው ከግዛቲቱ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ለወራት ተቀመጡ። ሽልማቱ ደጅ ከመጥናት አላዳናቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሥራቸው ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። መመሪያው በእርዳታ ሰጪዎች ሁሉ መሳቢያ አለ፤ ችግሩ መሳቢያ ውስጥ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሕጋችን አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ግብረ ሰናይ ድርጅቶችን ይገዛ በነበረው በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳዮች ላይ መሥራት አይችልም ነበር። የአስተዳደር ወጪም ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ታጥሮ፣ ጉዞና ክትትል የመሳሰሉት ወጪዎች በዚያው አጥር ውስጥ ይቆጠሩ ነበር። «ለጤና ሠራተኞች ይከፈል» የሚል ዘመቻ በውጭ ገንዘብ ማቀድ አይደለም፣ ማቀዱን መናገርም ያስፈራ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የመጀመሪያውን ክልከላ አነሣው፤ የአስተዳደር ወጪውንም ወደ 20 በመቶ አወረደው። ዛሬ አንድ የአገር ውስጥ ድርጅት የዕቅድ ድጋፍ ጠይቆ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጥቅም ቢከራከር ሕጋዊ ነው። ሕጋዊ መሆኑን የማያውቁ ድርጅቶች ግን ዛሬም አሉ፤ ከልማድ የተነሣ ፖስተር ያትማሉ።

ጥሩ የዕቅድ ድጋፍ ገንዘቡን ምን ላይ ያውለዋል? በእኔ ግምት ትልቁን ድርሻ መጠየቅ ላይ። በክትባት ቀን ጤና ኬላ ሄዶ መዋል፤ ባለሙያዋ ለሥራዋ ከሚውለው ሰዓት ምን ያህሉን ለማዳበሪያ ምዝገባ፣ ለግብር እና ለቀበሌ ስብሰባ እንደምታጠፋ መቁጠር፤ የጤና ጣቢያውን ባለሙያ «የላከችልህን በሽተኛ ምን አደረግህ?» ማለት። ለአማካሪ በቀን የሚከፈለው ገንዘብ ሲመደብ ለዕቅዱ ጊዜዋን የምትሰጠው ባለሙያም በዚያው መዝገብ ክፍያ ይያዝላት። ስለ እሷ የሚወያዩት ሁሉ አበል በልተው እሷ ብቻ «ለሕዝብሽ ስትይ» ከተባለች ዘመቻው ገና ሳይጀመር ተዋሽቷል። መልእክቱም ከመታተሙ በፊት ይፈተን። ለበጀት ኃላፊ የሚነገረው የእናት ፈገግታ ፎቶ አይደለም፤ የአንድ ጤና ኬላ ዓመታዊ ወጪ፣ በአንድ ዓመት ሳይታከሙ የቀሩ የሳምባ ምች ሕመሞች፣ በቀበሌው ጠፍተው የነበሩና የተመለሱ የክትባት ልጆች ነው። የመጨረሻው ገጽ ደግሞ ድጋፉ ካበቃ በኋላ ያለውን ዓመት መሸፈን አለበት፤ ደመወዙ ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚወጣ ተጽፎ፣ የሚያወጣውም ሰው ፈርሞበት።

የፕሮፖዛል ጥሪ አይታችሁ ለማመልከት የምትዘጋጁ ካላችሁ ከመላካችሁ በፊት የዕቅድ ስብሰባችሁን የተሳታፊዎች ዝርዝር አንድ ጊዜ ተመልከቱት። የክልል ጤና ቢሮው ይኖራል፣ አማካሪው ይኖራል፣ ጋዜጠኛውም ይኖራል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹና የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከሌሉበት መልሳችሁ ጻፉት።