የልብ ሕዋሶችና በሮቻቸው

አንባቢ ሆይ፤ እጅዎን በግራ ጡትዎ ሥር አኑረው ጥቂት ያዳምጡ። ያ ጡንቻ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። አንድ ወጥ ሥጋ ይመስላል እንጂ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሕዋሶች የተሰበሰቡበት ነው፤ እነርሱም በአንድነት ካልተኰማተሩ ደሙ አይገፋም። ለመሆኑ ጊዜው መድረሱን አንዱ ለሌላው የሚነግረው በምን መንገድ ነው?

የቀደሙት ሊቃውንት ልብ በመካከሉ ድንበር የለውም ብለው ያምኑ ስለ ነበር ጥያቄው አላስጨነቃቸውም። በ1950ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ግን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተባለው መሣሪያ እያንዳንዱ ሕዋስ በገዛ ሽፋኑ የታጠረ መሆኑን አሳየ። አጥር ካለ መልእክቱ በየት ያልፋል? የስዊዙ ሊቅ ሲልቪዮ ቫይድማን ከበግና ከጥጃ ልብ ቀጫጭን ጡንቻ ወስዶ፣ አንዱን ወገን ጨረር ባለው ፖታሲየም ውስጥ ነከረው። ፖታሲየሙም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየተሻገረ ወደ ሌላው ወገን ዘለቀ። ይህን በ1966 አስታወቀ። አጥሩ በር ነበረው ማለት ነው!

በሩ የሚሠራው ኮኔክሲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። አንዱ ሕዋስ ስድስት ያዋጣል፤ ጎረቤቱም ስድስት፤ ሁለቱ ግማሾች ሲገጥሙ ጠባብ መተላለፊያ ይሆናሉ። በሮቹ በብዛት የሚገኙት በሕዋሱ ጫፍና ጫፍ ስለ ሆነ መልእክቱ በቁመት ፈጥኖ ይሮጣል።

የልብ ደም ሥር ተደፍኖ ከፊሉ ሥጋ ሲሞት ግን፣ በጠባሳው ዳር የተረፉት ሕዋሶች በሮቻቸው ይቀንሳሉ፤ አንዳንዱም ከጫፍ ወደ ጐን ይዛወራል። መልእክቱ ይዘገያል፤ ጠባሳውን ዞሮ ሲመለስ ዕረፍቱን የጨረሰ ሥጋ ያገኝና እንደገና ይቀሰቅሰዋል፤ እንዲህ እያለ ይሽከረከራል። ይህ በታችኛው የልብ ክፍል ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። በላይኛው ክፍልም የትርታ መዛባት ይደርሳል፤ በዚያ ሲሆን ደም ይረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። በአገራችን ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ በር በሽታ የላይኛውን ክፍል እየለጠጠ ለዚሁ ያጋልጣል።

መድኃኒቱስ? በ1989 በአሜሪካ የታወቀው ነገር ሐኪሞችን አስደንግጧል፤ ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉት መድኃኒቶች የልብ ድካ ከደረሰባቸው ሕመምተኞች መካከል ብዙዎችን ገደሉ እንጂ አላዳኑም፤ የተዛባው ትርታ ግን ቀንሶ ነበር።

ዛሬ ሐኪሙ ከብሽሽት በደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ጥፋተኛውን ሥፍራ ይተኩሰዋል። በ1998 የቦርዶው ሚሼል አይሳገርና ባልደረቦቹ የላይኛውን ክፍል የሚረብሸው ብልጭታ አብዛኛውን ጊዜ ከሳንባ ከሚመጡት ደም ሥሮች እንደሚነሣ ስላሳዩ፣ እነዚያ ሥሮች ዙሪያቸውን ተተኩሰው ከልብ ይለያያሉ። ጠባሳ መልእክት አያሳልፍምና።

እንግዲህ ያስተውሉ፤ ፈውሱ የሚገኘው ጉርብትናን በመቍረጥ ነው። በሮቹን ለመክፈት የተሠራው ሮቲጋፕታይድ በእንስሳት ላይ ተስፋ ቢያሳይም እስከ መድኃኒት ቤት አልደረሰም። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ በር ሲሰፋ የሚያልፈው መልካሙ ብቻ አይደለምና፣ ደም አጥቶ ከሚሞት ሕዋስ የሚወጣው ጉዳትም ወደ ጎረቤቱ ሊሻገር ይችላል።