በረዶን በሰጋቱራ ማክረም

በአውሮፓ የበረዶ ሸርተቴ የሚዘወተርባቸው ተራሮች በረዶ እየራቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ዝቅ ባሉት የአልፕስ ተዳፋቶች የሸርተቴው መስመር ሣርና ጭቃ ሆኖ ነበር። ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ በፈረንሳይ ፒሬኔ ተራሮች የሚገኘው ሉሾን ሱፐርባኜር የተባለ የሸርተቴ ሥፍራ 50 ቶን ያህል በረዶ ከተራራው አናት በሄሊኮፕተር አስወርዶ ብርቱ ወቀሳ ደርሶበታል። እንዲህ ያለው መላ ለጥቂት ቀን ያስተነፍስ ይሆናል እንጂ ለከርሞ የሚተርፍ ነገር የለውም። ከዚህ የሚሻለውን ጥበብ የስዊዘርላንዷ ተራራማ ከተማ ዳቮስ ከ2008 ጀምሮ ትሠራበታለች። ገበሬ በጥጋብ ዓመት እህሉን ጎተራ እንደሚያስገባ፣ ዳቮሶችም ብርዱ በበረታበት ጊዜ የተሠራውን በረዶ ከምረው፣ በሰጋቱራ ሸፍነው ለቀጣዩ ወቅት ያቆዩታል። በረዶ ለሚያጥርበት ዘመን ከተፈለሰፉት መላዎች ሁሉ ይህ ቁጠባ የተሻለው ይመስለኛል።

ሥራው የሚጀምረው በረዶ በሚረጨው ማሽን ነው። ማሽኑ ውኃን በታመቀ አየር በትኖ ወደ ቀዝቃዛው አየር ይተፋዋል፤ ጥቃቅኑ ጠብታም መሬት ሳይደርስ ይረጋል። በዚህ መንገድ የተሠራ በረዶ እጅግ የተጠቀጠቀ ነው። አዲስ የጣለ የሰማይ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ግራም ያህል ወይም ከዚያ በታች ሲመዝን፣ የማሽኑ ከ400 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ ስለዚህ ለማክረም ይመረጣል። በዳቮስ 20,000 ሜትር ኩብ ያህል ይከመራል። ክምሩ ተንጣሎ እንዳይሳሳ ይጠነቀቃሉ፤ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኙት ገጽ ባነሰ ቁጥር የሚቀልጠውም ያንሳልና። ከዚያ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰጋቱራ ያለብሱታል። የሙቀቱ ወራት ሲያልፍ ሰጋቱራው ተገፍፎ በረዶው በገልባጭ መኪና ይጓጓዛል፤ ሲነጠፍም በፍሉየላ ሸለቆ 4 ኪሎ ሜትር ያህል የሜዳ ሸርተቴ መስመር ይወጣዋል። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ የተወዳደረው በዚሁ የሸርተቴ ዓይነት ነው።

ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚጣል ብናኝ ይህን ያህል አቅም ከየት አገኘ? አንደኛ፣ በብናኙ መካከል የታሰረው አየር ሙቀት ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከለክላል። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያስደንቀው እርጥበቱ ነው። በሰጋቱራው ውስጥ ያለው ውኃ ቀን ቀን ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ለመትነን የሚፈጀው ሙቀት ከ7 ኪሎ ግራም በላይ በረዶ ማቅለጥ የሚችል ነው። በዳቮስና በጣሊያኗ ማርቴል የተካሄደውና በ2018 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ መልክ ከተሸፈነው በረዶ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሙቀቱን ወራት ያልፋል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ የ19ኛው መቶ ዘመን የኒው ኢንግላንድ ነጋዴዎች ከሐይቅ የቆረጡትን በረዶ በሰጋቱራ ያቆዩ ነበር።

መጀመሪያ የሚነሣው ተቃውሞ፣ የሚከርመው በረዶ ራሱ ውኃና ኤሌክትሪክ የበላ የማሽን ውጤት ነው የሚለው ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ማሽኑ በቅጡ የሚሠራው አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን ነው፤ ወቅቱ ሳይደርስ፣ አየሩ ሞቅ ብሎ ሳለ በረዶ ለማውጣት መታገል ለተመሳሳይ መጠን በረዶ የበለጠ ኃይል ያስወጣል። ያንኑ በረዶ ብርዱ ሲጠና ሠርቶ ማቆየት ወጪውን ይቀንሳል። የገልባጭ መኪናው ነዳጅም የሚናቅ አይደለም፤ ስለዚህ ክምሩ ከመስመሩ መራቅ የለበትም።

ከባዱ ተቃውሞ የመጠን ነው፤ 4 ኪሎ ሜትር መስመር አንድን ተራራ አያለብስም። በ2023 የወጣ ጥናት 2,234 የአውሮፓ የሸርተቴ ሥፍራዎችን መርምሮ፣ የዓለም ሙቀት በ2 ዲግሪ ቢጨምር፣ ሰው ሠራሽ በረዶ ከሌለ 53 በመቶው ለከፍተኛ የበረዶ እጥረት እንደሚጋለጡ ገምቷል። ያንን ጉድለት የሰጋቱራ ክምር አይሞላውም። ሆኖም የክምሩ ማነስ የሥፍራውን ባለቤቶች በረዶው ለማን እንደሚቀድም እንዲመርጡ ያስገድዳል፤ ይህን እንደ ጥቅም እቆጥረዋለሁ። ለልጆች መማሪያና ለሜዳ ሸርተቴ የሚበቃ በረዶ ማዳን ይቻላል፤ ረጅሙን ቁልቁለት ሁሉ ማልበስ ግን አይቻልም። ሙቀት ያሸነፋቸው ዝቅተኛ ሥፍራዎች ይህን ለደንበኞቻቸው በግልጽ ሊናገሩ ይገባል። ጥላ ያለው ቦታና በቅርብ የሚገኝ ሰጋቱራ ያላቸው ግን ክምራቸውን ሳያዘጋጁ የብርዱን ወራት ማሳለፍ የለባቸውም።