በጤና ተቋም በር ላይ የሚቆም መኪናና የአምቡላንስ መንገድ

ስለ እናቶች ሞት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ርቀት ነው። ርቀቱም እውነት ነው። በዋግ ኽምራ የተራራው አቀማመጥ፣ የገደሉ ጥልቀትና የተከዜ ሸለቆ አንድ ላይ ሆነው ቀበሌን ከቀበሌ፣ ወረዳን ከሰቆጣ ለያይተዋል። ምጥ የጠናባት እናት ከቤቷ እስከ መኪና መንገዱ በቃሬዛ ትወርዳለች፤ ተሸካሚዎቹም እየተፈራረቁ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ሰዓታት ይጓዛሉ። ከዚያ አምቡላንስ ይጠበቃል፤ ከዚያም ጠመዝማዛው የጠጠር መንገድ ይከተላል። ስለዚህ ሁሉ ብዙ ተብሏል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን በጉዞው መጨረሻ በሚገኙት ጥቂት ሜትሮች፣ ማለትም አምቡላንሱ የተቋሙን በር ካየ በኋላ ሕመምተኛዋ አልጋ ላይ እስክትወጣ ድረስ ባለው ርቀት ላይ ነው።

በዚህች አጭር ርቀት የሚያጋጥመው ነገር ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በገበያ ቀን እህል የጫነ አይሱዙ በበሩ ትይዩ ይቆማል፤ ሾፌሩ ቆልፎ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። ባጃጆች ከጠያቂ ቤተሰብ ተሳፋሪ ለማግኘት በሩን ከበው ይሰለፋሉ። በግቢው ውስጥም መድኃኒት የሚያራግፍ መኪና፣ የሠራተኞች ሞተር ብስክሌትና ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ አሮጌ አምቡላንስ ቦታውን ይዘዋል። አዲሱ አምቡላንስ ጡሩንባውን እየነፋ ከውጭ ይቆማል። ጥበቃው «የዚህ መኪና ባለቤት ማነው?» እያለ ይሮጣል።

«አምስት ሰዓት ተጉዛ ለመጣች እናት አሥር ደቂቃ ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል አስተያየት አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። አመዛዘኑ የተሳሳተ ነው፤ እንዲያውም ጉዞው በረዘመ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዋጋ ይጨምራል። በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማኅፀን የሚሄደው ደም በደቂቃ ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። በእርግዝና ወቅት የጨመረው የደም መጠን የእናቲቱን የደም ግፊት ለተወሰነ ጊዜ ደኅና አስመስሎ ያቆየዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ውድቀቱ ፈጣን ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ ሕክምና ካላገኘ በአማካይ በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ለሞት እንደሚያደርስ ይገመታል። በርቀት የመጣችው እናት ይህን ጊዜ በመንገድ ጨርሳዋለች ማለት ይቻላል። በራችን ላይ የምትደርሰው በቀረላት ጥቂት አቅም ነው።

የትራኔክሳሚክ አሲድ ጉዳይ ይህንኑ በቁጥር ያሳያል። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ደም መፍሰስ በጀመረ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ላይ የታተመውና በአደጋና በወሊድ ምክንያት ደም የፈሰሳቸውን ወደ 40,000 የሚጠጉ ሰዎች መረጃ ያጣመረው ትንተና፣ በየ15 ደቂቃው መዘግየት ጥቅሙ በ10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስና ከሦስት ሰዓት በኋላ ጥቅም እንደማይታይ አመልክቷል። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ በመንገድ ላይ ላሳለፈች እናት በር ላይ የሚባክነው ሩብ ሰዓት መስመሩን የሚያሻግራት ሊሆን ይችላል።

ስለ መኪና ማቆሚያ ስናስብ ብዙውን ጊዜ የሚታየን መግቢያው ብቻ ነው፤ ከገባ በኋላ ያለው ይዘነጋል። በገጠር የሚሠሩት አምቡላንሶች በአብዛኛው አምስት ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ላንድክሩዘሮች ሲሆኑ በራቸው የሚከፈተው ከኋላ ነው። አልጋው ሁለት ሜትር ያህል ነው፤ ተሸካሚዎቹም ወደ ኋላ እየሄዱ የሚስቡበት ቦታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከአምቡላንሱ ኋላ ቢያንስ ሦስት ሜትር ባዶ መሆን አለበት። መኪናው ከገባ በኋላ ሌላ መኪና ተከትሎ ከኋላው ከተጠጋ በሩ እኩሌታው ብቻ ይከፈታል፤ ራሷን የሳተች እናት በጎን ተጎትታ ትወርዳለች፣ የተሰካላት ግሉኮስ ይነቀላል። አምቡላንሱ አልተዘጋበትም፤ ሕመምተኛዋ ግን ተዘግቶባታል። በተጨማሪም ወደ ወልድያ፣ ደሴ ወይም ባሕር ዳር ሪፈር የተጻፈላት ሌላ ሴት በዚያው አምቡላንስ መውጣት ሊኖርባት ይችላል። መዞሪያ የሌለው ግቢ ሁለቱንም ያዘገያል።

ችግሩ ለምን እንደማይታይ መጠየቅ ተገቢ ነው። ታዴየስና ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት የሦስቱ መዘግየቶች አከፋፈል ለመሄድ በመወሰን፣ ተቋም ለመድረስና ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት የሚባክነውን ጊዜ ይለያል። የእናቶች ሞት ሲመረመርም በዚሁ ይመደባል። የበሩ መዘግየት ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ይወድቃል። ሾፌሩ «ደርሻለሁ» ብሎ ይመዘግባል፤ አዋላጇ ነርስ የምትጽፈው ሕመምተኛዋ ክፍል የገባችበትን ሰዓት ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የማንም መዝገብ ላይ የለም፤ ያልተመዘገበውም በስብሰባ ላይ አይነሣም።

በሌላ ሥፍራ ነገሩ የተመዘገበው ከእሳት አደጋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2017 በደቡብ ኮሪያ ጄቾን ከተማ አንድ የስፖርትና የመታጠቢያ ሕንፃ ተቃጥሎ 29 ሰዎች ሲሞቱ፣ ያለ ፈቃድ የቆሙ መኪኖች የመሰላሉን መኪና አዘግይተውት ነበር። በተከታዩ ዓመት አገሪቱ ሕጓን አጠንክራ፣ መንገድ የዘጋ መኪና በእሳት አደጋ ሠራተኞች ተገፍቶ ቢጎዳ ሕግ የጣሰው ባለቤት ካሣ እንዳያገኝ አድርጋለች። በእኛም አገር በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪኖች እንቅፋት መሆኑ ተዘግቧል። ሰቆጣ ያን ያህል ትልቅ ከተማ አይደለችም። ይሁን እንጂ ዞኑ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ጉዳት የደረሰበት እንደመሆኑ አንድ አምቡላንስ ቆሞ ሲውል ምትክ የሚገኝበት አካባቢ አይደለም።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሥልጣን ግን ይጠይቃል። ጥበቃው ባለ አርማ መኪና ይዞ የመጣን እንግዳ «አንሣ» ለማለት ይፈራል። በእኔ ግምት ከአይሱዙው ይልቅ አስቸጋሪው ለጉብኝት የመጣው የድርጅት መኪና፣ አንዳንዴም የራሳችን ባለሙያዎች መኪና ነው። ስለዚህ የተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ ያረጋገጠው፣ ራሱንም የሚጨምር መመሪያ ለጥበቃው ሊሰጠው ይገባል። በግቢ ውስጥ የሚቆም ማንኛውም መኪና አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ፣ ቁልፉን ጥበቃው ዘንድ ትቶ ቢቆም ችግሩ በእጅጉ ይቀላል። ከድንገተኛ ክፍልና ከማዋለጃ በር ፊት ያለው ቦታ በኖራ በተቀቡ ድንጋዮች ይከለል፤ የተበላሸውም አምቡላንስ ከዚያ ይነሣ። ከበሩ ውጭ ያለው የከተማው ትራፊክ ፖሊስና የማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ነው፤ በገበያ ቀን አንድ ፖሊስ በዚያ እንዲመደብ መጠየቅ ይቻላል። ባጃጆቹን ማባረር ግን አይበጅም፤ አምቡላንስ ሲጠፋ ሕመምተኛ የሚያደርሱት እነርሱ ናቸውና ከበሩ ራቅ ያለ ተራ ይሰጣቸው። አምቡላንሱ ሲነሣ ሾፌሩ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ተቋሙ ከደወሉ በሩ ቀድሞ ይጸዳል፤ ቃሬዛውም ከውጭ ይጠብቃል።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆን መረጃ ለማግኘት በጥበቃው ቤት አንድ ደብተርና ሰዓት ይበቃል። አምቡላንሱ በሩ ላይ የደረሰበት ሰዓት በአንድ ዓምድ፣ ሕመምተኛዋ ክፍል የገባችበት በሌላው ይጻፍ፤ በየወሩም የእናቶች ጤና ስብሰባ ላይ ልዩነቱ ይነበብ።