ይቺ ጥርስ የማን ናት?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ከታችኛው ኦሞ የጥርስ ፎቶ ላከልኝ። «የዳይኖሰር ነው አይደል?» ይላል። አይ ወንድሜ፣ የአዞ ናት።

ሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርሱ ብዙውን ጊዜ እንደ ቢላዋ ጎንና ጎኑ የሳሳ፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ነው። የአዞ ጥርስ ሾጣጣ ነው፤ አግድም ቢቆርጡት ክብ ለመሆን ትንሽ ይቀረዋል። ሁለት ስስ ጠርዞች ከጫፉ እስከ ግርጌው ይወርዳሉ። (ዘራቸው የጠፋ ባለመጋዝ ጥርስ አዞዎችም ነበሩ፤ እነሱ ሲመጡ ነው ጉዱ!) የወዳጄ ጥርስ ሥር የላትም፣ ግርጌዋ ባዶ ነው። ስለዚህ አዞው ሞቶ ሳይሆን ቀይሮ የጣላት ናት። አዞ ዕድሜ ልኩን ጥርስ ይቀይራል፤ በጥንት ወንዞች ደለል ውስጥ ጥርሱ የሚበዛው ለዚህ ነው።

«እሺ፣ የትኛው አዞ?» ሲለኝ ግን ያዘኝ። በአንድ አዞ አፍ ውስጥ እንኳ የፊቱ ጥርስ ሹል፣ የኋላው አጭርና ደነዝ ነው። ለየብቻ ያገኛቸው ሰው ከአንድ እንስሳ ሁለት ዝርያ ሊፈጥር ይችላል።

ሊቃውንቱም ተቸግረውበታል። ኤቤነዘር ኤመንስ እ.ኤ.አ. በ1858 ከሰሜን ካሮላይና የተገኙ ሁለት ወፋፍራም ጥርሶችን ፖሊፕቲኮዶን ሩጎሰስ አላቸው። ኋላ የዴይኖሱከስ፣ የዚያ ዳይኖሰር ይነክስ የነበረ ግዙፍ የአዞ ዘመድ ናቸው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ኮሴትና ብሮሹ የተባሉ ተመራማሪዎች ጥርሶቹ ዝርያ ለመለየት እንደማይበቁ ጽፈው፣ የተሻሉ አጥንቶችን መሠረት በማድረግ ዴይኖሱከስ ሽዊመሪ የሚል አዲስ ስም አወጡ። መቶ ስድሳ ዓመት በሁለት ጥርስ!

ከጥርሷ ይልቅ የሚናገረው ቦታው ነው። ዳይኖሰሮች ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን የታችኛው ኦሞ ደለል ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ብቻ ነው፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። በዚያ ዘመን እዚያ ዩቴኮዶን የተባለ አፈ ረጅምና ቀጭን አዞ ነበር፤ የዛሬው የአባይ አዞ ዘመዶችም ነበሩ። ጥርሷ ረጅምና ቀጭን ስለሆነች እኔ ወደ ዩቴኮዶን አደላለሁ፤ መንጋጋ ሳላይ ግን አልምልም።

እናንተም ብታገኙ ከወደቀችበት አታንሷት። አጠገቧ ሳንቲም አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ ግዴታው ነው።